ስሞቹ እስኪያልፉ፦ የብሪታንያ የከተማ ወንጀል ፊልሞች መክፈቻ

ኔትፍሊክስ በ2017 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) በስክሪኑ ጥግ መግቢያ የምታስዘልል አንዲት ቁልፍ አስቀመጠ። ኩባንያው ራሱ ከአምስት ዓመት በኋላ ባወጣው ቁጥር ይህች ቁልፍ በቀን 136 ሚሊዮን ጊዜ ትነካ ነበር። በወሎዋ የወረባቦ ከተማ ቢስቲማ ለኔትፍሊክስ የሚከፍል ሰው ብዙ አይገኝም፤ ልማዱ ግን ደርሷል። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሄዶ በሚሞሪ ፊልም ያስጫነ ወጣት ስልኩን እንደከፈተ መጀመሪያ የሚያደርገው ስሞቹን በጣቱ ገፍቶ ማሳለፍ ነው። «ፊልሙ ገና አልጀመረም» ይላል። የወንጀል ፊልም ከሆነ ግን፣ በተለይ የእንግሊዞቹ ከሆነ፣ ፊልሙ ጀምሯል። የሚያየው ታሪክ የምን ዓይነት እንደሆነ፣ ማንን መፍራት ማንን መጠርጠር እንዳለበት የሚነገረው በእነዚያ ሁለት ሦስት ደቂቃዎች ውስጥ ነው።

ይህን ችግር አሜሪካዊው ሶል ባስ በ1955 ገጥሞታል። ያኔ ስሞቹ የሚያልፉት አዳራሹ ገና ሳይረጋጋ፣ ብዙ ጊዜም መጋረጃው ሳይከፈት ነበር። ባስ በሄሮይን ሱስ ስለተያዘ ሰው ለሚተርከው «ወርቃማ ክንድ ያለው ሰው» የሠራው መክፈቻ ከወረቀት እንደተቀደደ የተጣመመ ክንድ የሚታይበት ነው። የፊልሙ ቆርቆሮ ሲላክ ታዲያ መጋረጃው ከስሞቹ በፊት እንዲከፈት የሚያዝ ማስታወሻ አብሮ ተላከ። ከዚያ ወዲህ መክፈቻ ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ። የሆሊውዱ ታሪክ ብዙ ስለተጻፈበት እዚህ ላይ ልተወው።

በር ላይ ዘውግን መናገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ ልጅ የሚሰማው ነገር እውነት መሆን እንደማይጠበቅበት ያውቃል፤ «እንቆቅልህ» ሲባል ደግሞ ለመልስ ይዘጋጃል። በወረባቦ መንዙማ የሚያዜም ሰውም ወደ ጉዳዩ የሚገባው አላህን አመስግኖ፣ በነቢዩ ላይ ሰላዋት አውርዶ ነው፤ ያን ጊዜ ሰሚው አቀማመጡን ያስተካክላል። የፊልም መክፈቻም ሥራው ይኸው ነው፤ የሚናገረው በቦታ፣ በድምፅና በፊደል ቅርጽ ይሁን እንጂ።

የብሪታንያ የከተማ ወንጀል ፊልም መጀመሪያ ላይ የተናገረው በጽሑፍ ነበር። በ1947 የወጣው «ብራይተን ሮክ» በአንዲት የባሕር ዳር ከተማ ምላጭ ይዘው ስለሚዞሩ ወሮበሎች ይተርካል። ገና ሲከፈት ለተመልካቹ ማስተባበያ ያስነብባል፦ የዛሬዋ ብራይተን ደስ የምትል ከተማ ናት፤ የምታዩት በሁለቱ ጦርነቶች መካከል የነበረውንና አሁን የሌለውን ነው። ከተማዋ ስሟ እንዳይጎድፍ በፊልሙ በር ላይ ዋስ ቆመላት ማለት ነው። ይህን ነገር ልብ ይሏል፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ከሦስት ዓመት በኋላ የመጣው «ሰማያዊው ፋኖስ» በፖሊስ መኪና ማባረርና በጋዜጣ ርዕሶች ተከፍቶ፣ የወንጀሉን መብዛት በሚያስረዳ ተራኪ ድምፅ ይቀጥላል። ጥሩ ፊልም ነው፤ መክፈቻው ግን ስብከት ይበዛዋል።

ከሁሉ አስበልጬ የምወደው «ካርተርን አግኘው» ነው፤ ማይክ ሆጅስ ያዘጋጀው፣ ማይክል ኬን የተወነበት የ1971 ፊልም። ከስሞቹ በፊት ካርተርን ለንደን ውስጥ በመስኮት በኩል ቆሞ እናየዋለን። አለቆቹ ወደ ኒውካስል እንዳይሄድ ይመክሩታል፤ እሱ ግን ወንድሙ ሞቷልና ይሄዳል። ስሞቹ የሚመጡት ባቡሩ ወደ ሰሜን ሲበር ነው። ዋሻ፣ ሐዲድ፣ የመስኮት ነጸብራቅ፣ መድኃኒቱን የሚወስድ፣ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው፤ ሌላ ምንም የለም። መጽሐፉ የሬይመንድ ቻንድለር የወንጀል ልብወለድ ነው። ሽጉጥ ሳይተኮስ፣ ሳይረን ሳይጮኽ፣ ፊልሙ ከየትኛው ዘር እንደተወለደ በአንድ የመጽሐፍ ሽፋን ተናግሯል።

የሮይ በድ ሙዚቃ በሃርፕሲኮርድና በሕንዶቹ ከበሮ በታብላ የተሠራ ነው፤ የባቡሩ ኳኳታ ከከበሮው ጋር ተዋህዶ የትኛው የትኛው እንደሆነ እስኪጠፋ ድረስ ይሄዳል። ለሙዚቃው የተመደበው 450 ፓውንድ ብቻ እንደነበር ይነገራል። ርዝመቱን የማይወዱ አሉ፤ «ምንም አይከሰትም» ይላሉ። ይከሰታል እንጂ! በዚያው ክፍል ውስጥ ከካርተር ጋር የተሳፈረ፣ ጣቱ ላይ ፊደል የተቀረጸበት ቀለበት ያደረገ አንድ ዝምተኛ መንገደኛ አለ። በፊልሙ መጨረሻ ካርተርን በጠመንጃ የሚገድለው እሱ ነው። ሞት ትኬት ቆርጦ አብሮት ተሳፍሯል፤ ካርተር ግን ዓይኑን ከመጽሐፉ አያነሳም። በወንጀል ፊልም ውስጥ ከዚህ የበለጠ መክፈቻ አላውቅም፤ ስሞቹን በጣቱ ገፍቶ ያሳለፈ ተመልካች የሚያጣውም ይህን ነው።

«ረጅሙ ስቅለት» (1980) በሌላ መንገድ ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያለ ንግግር ያልፋሉ፤ የገንዘብ ቦርሳ እጅ ይቀይራል፣ ሰዎች ይገደላሉ፣ ለምን እንደሆነ ግን አይነገረንም። ከዚያ ወሮበላው ሃሮልድ ሻንድ ከኮንኮርድ ወርዶ በአውሮፕላን ማረፊያው የኩራት እርምጃ ሲራመድ የፍራንሲስ መንክማን ሙዚቃ ይፈነዳል። እኛ ያየነውን እሱ አላየም፤ ሙሉ ፊልሙ የሚቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

የጋይ ሪቺን ፊልሞች ብዙ ሰው ስለሚያውቃቸው ቶሎ ልለፋቸው። የ1998ቱ ፊልሙ የተሰረቀ ዕቃ በሚቸረችር ልጅ ልፈፋና በፖሊስ ሩጫ ይከፈታል። በ2000 የወጣው «ስናች» ደግሞ በአንትወርፕ የአልማዝ ዘረፋ ጀምሮ እያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ በምስል አቁሞ ስሙን ይጽፍበታል። ብልሃቱ ያዝናናል፤ ግን የወንጀለኛን ስም በትልቅ ፊደል መለጠፍ ወንጀሉን ጨዋታ አደረገው፤ በኋላ የመጡት አስመሳዮችም ፊደሉን እንጂ ፍጥነቱን አልወረሱም።

በእነዚህ መክፈቻዎች ላይ የሚነሣው ክርክር የሚከረው የጥቁር ወጣቶች ለንደን ወደ ሸራው ስትመጣ ነው። በ2006 የወጣው «ኪደልትሁድ» የሚከፈተው በትምህርት ቤት ነው፤ የምናየው የመጀመሪያ ግፍ ተማሪ በተማሪ ላይ የሚፈጽመው ነው። በዚያው ዓመት ዴቪድ ካሜሮን የተቃዋሚ መሪ ሳለ ኮፍያ ያለው ሹራብ ስለሚለብሱ ወጣቶች ባደረገው ንግግር ፊልሙን በስም ጠርቶታል። በ2019 ደግሞ የራፕማን «ብሉ ስቶሪ» መጣ። ራፕማን በራፕ ግጥም ተራኪ ሆኖ ይገባና ስለ ሁለት ጓደኛማቾች ያወጋናል፤ አንድ ትምህርት ቤት ይማራሉ፣ የሚኖሩበት ሰፈር ግን ያጣላቸዋል። እንደ እኔ አዝማሪ አገር ተወላጅ ለሆነ ሰው ይህ አከፋፈት ወዲያው ይገባል፦ የምትሰሙት ሐዘን ነው፣ ነጋሪውም ከመካከላችን የወጣ ነው እያለ ነው።

ፊልሙ በወጣ በማግስቱ በርሚንግሃም ውስጥ አንድ ሲኒማ ቤት ባለበት ሕንፃ ወጣቶች ተደባደቡ፤ ገጀራ የያዙም ነበሩ። ቩ የተባለው የሲኒማ ድርጅት ፊልሙን ከአዳራሾቹ ሁሉ አወረደ፤ ከብዙ ተቃውሞ በኋላ በቀናት ውስጥ ጥበቃ ጨምሮ መለሰው። ፊልሙ ግን የሚያለቅሰው ለዚሁ ደም ነው። አንዳንድ ተቺዎች ጥፋቱን ወደ ዘውጉ ያዞራሉ፤ የኮንዶሚኒየም ፎቅ፣ ሹራብና ሳይረን በመክፈቻ ላይ በተደጋገመ ቁጥር ሰፈሩና ወንጀሉ አንድ ይሆናሉ ይላሉ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ ግን ፍርዱ በተሳሳተ በር ላይ ወድቋል። በ1947 ብራይተን ስሟን የሚያጥብላት ጽሑፍ በፊልሙ መግቢያ ተሰጥቷታል። የ«ብሉ ስቶሪ» ሰፈር የለንደኗ ፔካም ያን አላገኘችም፤ የተሰጣት የፊልሙ መታገድ ነበር። ነጮቹ ወሮበሎች በሙዚቃ ታጅበው ሲራመዱ አዳራሽ የዘጋ የለም።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። የአማርኛ ፊልም ዘውጉን የሚናገረው በፖስተሩ ላይ ነው፤ «የፍቅር»፣ «አስቂኝ የፍቅር»፣ «የቤተሰብ»፣ «ልብ አንጠልጣይ» እየተባለ። ተመራማሪው ማይክል ቶማስ በ2022 ባሳተመው መጽሐፍ የአማርኛ ፊልሞችን ያጠናው በእነዚህ ተመልካቹ ራሱ በሚጠራቸው ስሞች ነው። ስሙ በፖስተር ከተለጠፈ በኋላ መክፈቻው ሥራ ይፈታል፤ ፍቅር ይሁን ወንጀል፣ አዲስ አበባ ከሰማይ ትታያለች፣ ዘፈን ይገባል፣ ስሞች ያልፋሉ። «ልብ አንጠልጣይ» የተባለውን ፊልም ልቤን ሳያንጠለጥል አምስት ደቂቃ ሲያስኬደኝ ያናድደኛል። ተከታታይ ድራማ ከዚህ ይሻላል፤ «ሰው ለሰው» በኢቲቪ በሚተላለፍበት ዘመን መግቢያው ከማጀት ያለውን ሰው ሳሎን የሚሰበስብ ጥሪ ነበር።

ቦታ እንደሆነ አልጠፋም። ከጅቡቲ ጭኖ በሚሌና በባቲ በኩል ኮምቦልቻ የሚገባው ከባድ መኪና፣ ደረቅ ወደቡ፣ የሹፌሮቹ የሌሊት ምግብ ቤቶች፣ ከዚያም ወደ ደሴ የሚያወጣው የሐረጎ ጥምዝምዝ፤ ለወንጀል ፊልም መክፈቻ ከኒውካስሉ ባቡር የሚያንስበት ነገር አይታየኝም። በየኩርባው አንድ ስም ቢወጣ፣ ጋቢና ውስጥም አንድ ዝም ያለ ተሳፋሪ ቢቀመጥ ዘውጉ ያለ ፖስተር ይታወቃል። የሚያስፈልገው ካሜራ፣ አንድ ሹፌርና የሞተሩን ድምፅ የሚሰማ ሙዚቀኛ ነው።

አሁን ብዙው የአማርኛ ፊልም መኖሪያው ዩቲዩብ ሆኗል። እዚያ ደግሞ ከፊልሙ በፊት የቻናሉ አርማ፣ የቅጂ መብት ማስጠንቀቂያና የ«ሰብስክራይብ» ልመና ይቀድማሉ፤ ተመልካቹ መዝለል የሚለምደውም በእነሱ ነው። ስለዚህ አንዳንድ አዘጋጆች ስሞቹን ወደ ኋላ ገፍተው በቀጥታ በአንድ ትዕይንት መክፈት ጀምረዋል። ካርተርም የከፈተው እንዲሁ ነው፤ ከስሞቹ በፊት የመስኮቱ ትዕይንት አለ። ልዩነቱ ከትዕይንቱ በኋላ የመጡት ስሞች ባቡር ላይ መሳፈራቸው ነው፤ የእኛዎቹ ገና ከሰማይ አልወረዱም።