አምስቱ ዓመታት ከመቼ ይቆጠራሉ?

አሜሪካ የሚማሩ ልጆቻችን ታክስ ለማሠራት ቢሮዬ ሲመጡ መጀመሪያ የማየው የደብሊው ቱውን (የዓመታዊ ደመወዝና ተቀናሽ መግለጫውን) 4ኛና 6ኛ ሳጥን ነው። በኤፍ ዋን ቪዛ የገባ ተማሪ፣ በሕጋዊ ፈቃድ እስከሠራ ድረስ፣ ግቢ ውስጥም ይሥራ፣ ተመርቆም በኦፒቲ (በተማሪ ቪዛ በሚሰጥ ጊዜያዊ የሥራ ፈቃድ) ይቀጠር፣ በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር የለበትም። ሳጥኖቹ ባዶ መሆን ሲገባቸው ብዙ ጊዜ ቁጥር ሰፍሮባቸው አገኛለሁ።

የሚቆረጠው በተንኮል አይደለም። የፔይሮል ሶፍትዌር፣ ሰው ካላስተካከለው በቀር፣ ከሁሉም ላይ 6.2 እና 1.45 በመቶ ይቀንሳል። በዓመት 60,000 ዶላር ለሚያገኝ ልጅ ይህ 4,590 ዶላር ነው። አሠሪውም ያንኑ ያህል ከራሱ ስለሚከፍል ጉዳዩን ስታነሱለት እሱም ይጠቀማል።

«ተማሪ ግብር አይከፍልም» የሚለውን ወሬ ግን አትስሙ። የገቢ ግብር አለ። ህንዳዊው የክፍል ጓደኛችሁ አገሩ በተዋዋለችው የግብር ስምምነት መደበኛውን ተቀናሽ ያገኛል፤ ኢትዮጵያ ግን ከአሜሪካ ጋር እንዲህ ያለ ስምምነት የላትም።

ሰው በብዛት የሚሳሳተው በዓመቱ አቆጣጠር ነው። የሚቆጠረው የፈረንጆቹ ዓመት እንጂ 12 ወር አይደለም። ታኅሣሥ 28 ቀን 2020 የገባ ልጅ በ4 ቀን ብቻ 2020ን ሙሉ ጨረሰ፤ ነጻነቱ በ2024 መጨረሻ ያበቃል። ጥር 5 ቀን 2021 የገባው እስከ 2025 መጨረሻ ይሄዳል። ቀደም ሲል በተማሪ ቪዛ የቆዩበት ዓመትም ይደመራል። በ6ኛው ዓመት 183 ቀን የሚሞላው ሰው፣ ኦፒቲ ላይ ቢሆንም፣ ከዓመቱ መጀመሪያ አንሥቶ ይቆረጥበታል። ኤች ዋን ቢ የተባለውን የሥራ ቪዛ ያገኘ ደግሞ ዓመት አይቆጠርለትም፤ ቪዛው ከጸናበት ቀን ጀምሮ ይከፍላል።

ያላግባብ ከተቆረጠባችሁ በቅድሚያ አሠሪያችሁ እንዲመልስ በጽሑፍ ጠይቁ። እምቢ ካለ ፎርም 843ን ከፎርም 8316 ጋር ለአይ አር ኤስ ላኩ። ጥያቄው በአብዛኛው በ3 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ መልሱም ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ሥራ በምትጀምሩበት ቀን የገባችሁበትን ዓመት ለፔይሮል ክፍሉ ንገሩ፣ የመጀመሪያውን ቼክ ዝርዝርም አንብቡ።