ወሎ ሰፈር ያለችው ጠባብ ክፍል ኤሲ ያስፈልጋታል?

የካቲት አጋማሽ ነው፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል። ወሎ ሰፈር፣ ከኢትዮ ቻይና ወዳጅነት ጎዳና ጀርባ ካሉት ፎቆች በአንዱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ስቱዲዮ ተከራይታችኋል እንበል። ክፍሏ 12 ካሬ ሜትር ብትሆን ነው። መስኮቷ ግን ሰፊ ነው፤ ፊቱንም ያዞረው ወደ ምዕራብ ነው። በሩን ስትከፍቱ እንደ ዳቦ ቤት ያለ ሙቀት ይቀበላችኋል። ስልካችሁን ስታዩ ደግሞ «አዲስ አበባ፣ 25 ዲግሪ» ይላል። ውጪ 25 ከሆነ፣ ቤት ውስጥ ያለው 30 ከየት መጣ?

ይሄን ጥያቄ ሳይመልሱ ኤሲ ለመግዛት መሮጥ ኪስ ይጎዳል። ኤሲ ዋጋው ብቻ አይደለም፤ ማስገጠሚያ አለው፣ ቆጣሪ ያስሮጣል፣ ግድግዳ ያስበሳል። ግድግዳው ደግሞ የእናንተ አይደለም።

ብዙ ሰው ኤሲ «ቅዝቃዜ ያመርታል» ብሎ ያስባል። የሚመረት ቅዝቃዜ ግን የለም። ኤሲ ሙቀትን ከቤት ውስጥ አንሥቶ ውጪ የሚደፋ ፓምፕ ነው። እጃችሁ ላይ አልኮል ስታፈሱ የሚሰማችሁን አስታውሱ፦ ፈሳሹ ሲተን ከቆዳችሁ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በኤሲው ቱቦ የሚዞረው ፈሳሽም እንዲሁ ነው። ቤት ውስጥ ባለው አካሉ ላይ ሲተን የክፍሉን ሙቀት ይወስዳል፤ ኮምፕሬሰሩ ጋዙን ጨምቆ ያግለዋል፤ ውጪ ባለው አካል ላይ ጋዙ ተመልሶ ፈሳሽ ሲሆን ሙቀቱን ለውጪው አየር ይለቃል። (በነገራችን ላይ፣ አሜሪካዊው መሐንዲስ ዊሊስ ካሪየር በ1902 እ.ኤ.አ. ለአንድ የብሩክሊን ማተሚያ ቤት ዘመናዊውን የአየር ማቀዝቀዣ ሲነድፍ ያሳሰበው የሰው ላብ አልነበረም። ወረቀቱ በእርጥበት እየተለጠጠ ኅትመቱን ያበላሽ ነበር።)

ፓምፕ ከሆነ ደግሞ፣ ጎርፍ የገባበት ምድር ቤት ላይ እንደምናደርገው አስቀድመን መጠየቅ ያለብን ውሃው በየት እየገባ እንደሆነ ነው። ቧንቧው እንደተከፈተ ፓምፕ መግዛት ምን ይባላል?

የኛ ክፍል «ቧንቧ» መስኮቱ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ እንሥራው። መስኮቱ 2 ሜትር በ1.5 ሜትር፣ ማለትም 3 ካሬ ሜትር ይሁን። በጠራ የበጋ ሰማይ፣ ዘቅዘቅ ያለችው የ10 ሰዓት ፀሐይ ምዕራብ ባየ መስኮት ላይ በያንዳንዱ ካሬ ሜትር 600 ዋት ያህል ታሳርፋለች ብለን እንውሰድ። ተራ መስታወት ከዚህ 80 በመቶ ገደማውን ወደ ውስጥ ያሳልፋል። 3 ጊዜ 600 ጊዜ 0.8፣ ወደ 1,440 ዋት መጣ። እናንተ ቁጭ ብላችሁ ከሰውነታችሁ የሚወጣው ሙቀት 100 ዋት አካባቢ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ3,000 ዋት ትንሽ ከፍ ይላል። እንግዲህ በያንዳንዱ የበጋ ከሰዓት በኋላ፣ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ግማሽ ምጣድ እየተጣደ ነው ማለት ነው!

ለምን ምዕራብ? አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። በቀትር ፀሐይዋ ከሞላ ጎደል አናት ላይ ትሆናለች፤ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት አካባቢ እንዲያውም ቀጥ ብላ አናት ላይ ናት። በዚያ ሰዓት የምትመታው ጣሪያ ነው፤ ለመስኮት ትንሽ የግንብ ጥላ ይበቃዋል። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ግን ዝቅ ብላ በቀጥታ ወደ ክፍሉ ትገባለች፤ ከመስኮቱ በላይ ያለው ጥላ ምንም አይረዳም። የጠዋቷ ፀሐይ የምሥራቁን ክፍል የምታገኘው ሌሊቱን ቀዝቅዞ ስለሆነ ያን ያህል አይከፋም። የምዕራቡ ክፍል ግን ቀኑን ሙሉ ሲሞቅ ውሎ ነው ፀሐይዋ የምትጨመርበት። ቤት ስትከራዩ የቧንቧ ውሃ መኖሩን እንደምትጠይቁት ሁሉ የመስኮቱን አቅጣጫም እዩ፤ ስልካችሁ ላይ ኮምፓስ አለ። የመጨረሻ ፎቅ ላይ ከቆርቆሮው ሥር ከሆናችሁ ደግሞ ቀትር ላይ ሄዳችሁ ኮርኒሱን በእጃችሁ ንኩት።

«መጋረጃ አለኝ እኮ» የሚል ይኖራል። መጋረጃ ይረዳል፣ ግን አርፍዶ ነው የሚደርሰው። ብርሃኑ መስታወቱን ካለፈ በኋላ መጋረጃው ላይ ሲያርፍ ወደ ሙቀትነት ይቀየራል። የጋለው መጋረጃ የሚለቀው የሙቀት ጨረር ደግሞ በመስታወት ተመልሶ አያልፍም፤ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። ያው ጨርቅ፣ ያው ሸራ፣ ወይም የሸንበቆ ምንጣፍ ከመስታወቱ ውጪ ቢንጠለጠል ግን ፀሐይዋ ሳትገባ ትመለሳለች። ልዩነቱ የትዬለሌ ነው፤ 1,440 የነበረው ወደ 400 ዋት ወይም ከዚያ በታች ሊወርድ ይችላል። በረንዳ ካላችሁ ሥራው የአንድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከሌላችሁ መስኮቱ ተከፍቶ እጅ የሚያስገባ መሆኑን ማየት ነው። ነፋስ እንዳይነቅለው ግን በደንብ ይታሰር፤ ከአራተኛ ፎቅ የሚወድቅ ነገር ቀልድ የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ በአንድ ኪሎ ሜትር ወደ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። በ1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ያለችው ድሬዳዋ ነዋሪዎች በሙቀቱ ወራት መስኮት ቢከፍቱ የሚገባው ከክፍሉ የባሰ ትኩስ አየር ሊሆን ይችላል፤ ሌሊቱም ብዙ አያርፍም። እዚያ ኤሲ ቅንጦት አይደለም። ወሎ ሰፈር ላይ ግን ውጪው 25 ሆኖ ውስጡ 30 ነው። ነፃ ቀዝቃዛ አየር ከመስኮቱ ማዶ ቆሟል፤ የቀረው ማስገባት ነው።

ስንት ያህል አየር? እዚህ ጋ ከፍታው ትንሽ ያስከፍለናል። የኛ አየር ሳሳ ያለ ነው፦ ባሕር ዳርቻ ላይ አንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር 1.2 ኪሎ ግራም ሲመዝን እዚህ ወደ 0.9 ነው። ቀለል ያለ አየር የሚሸከመው ሙቀትም በዚያው ልክ ያነሰ ነው። መስኮቱ ካልተጋረደ፣ 1,500 ዋት ሙቀት ይዞ ለመውጣትና ክፍሉን ከውጪው በ5 ዲግሪ ብቻ ከፍ አድርጎ ለማቆየት በየሰከንዱ 0.33 ኪዩቢክ ሜትር አየር መግባት አለበት። የክፍሉ አየር በየ100 ሰከንዱ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል ማለት ነው። መስኮቱ ከውጪ ሲጋረድ ግን ያው ነፋስ ክፍሉን ከውጪው ወደ ሁለት ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ አድርጎ ይይዘዋል። 27 ዲግሪ ሆነ ማለት ነው፤ እሱ ላይ ቬንትሌተር ሲነፍስባችሁ ደህና ነው።

ቬንትሌተሩን ብዙዎቻችን ፊታችን ላይ ነው የምናዞረው። ክፍሉ ከውጪው ሲሞቅ ግን ፊቱን ወደ ውጪ አዙራችሁ መስኮቱ አጠገብ አቁሙት፤ ትኩሱን አየር እየገፋ ያወጣል፣ ቀዝቃዛው በሌላኛው መስኮት ወይም በበሩ ይተካል። ሌላ መክፈቻ ከሌለ አይሠራም፤ አየር የሚወጣው የሚገባ ሲኖር ነው። ማታም አትዝጉት። የብሎኬቱና የኮንክሪቱ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት የሚተፋው ከምሽቱ 2 እና 3 ሰዓት ላይ ነው፤ ውጪው ሲበርድ ቤቱ የሚያልበን ለዚህ ነው።

እሺ፣ ሁሉም ሰው መስኮት መክፈት አይችልም። በቦሌ መንገድ ዳር የሚተኛ ሰው የመኪናውን ጩኸትና ጭስ ያውቀዋል። አንዳንዱ አዲስ ሕንፃ መስታወቱ ጭራሽ አይከፈትም። ቤት ውስጥ ሙቀት የማይችል ሕመምተኛ ወይም ጨቅላ ሕፃን ሊኖር ይችላል። ያኔ ኤሲ ይገዛል፤ ጥያቄው የትኛው ነው።

መጠኑ የሚጻፈው በቢቲዩ ነው። 9,000 ቢቲዩ ማለት በሰዓት 2,600 ዋት ገደማ ሙቀት ያወጣል ማለት ነው ብለው የሚያስረዱ አሉ፤ «በሰዓት» የሚለው ግን ቢቲዩ ጋ ነው የሚገባው፤ ዋት ራሱ ፍጥነት ነው። ለኛዋ 1,500 ዋት ክፍል 9,000 ይተርፋል። ሻጩ «12,000 ውሰድ፣ ይሻልሃል» ቢል አትስሙ። የዕቃው አቅም የሚለካው ውጪው 35 ዲግሪ ሆኖ ነው፤ የኛ ውጪ እዚያ አይደርስም። የውጪው አካል በሳሳው አየር ምክንያት አቅሙ ትንሽ ይቀንሳል፤ የአየሩ ቅዝቃዜ ግን በብዛት ያካክሰዋል። ከመጠን በላይ የተገዛ ኤሲ ቶሎ ቶሎ እየጠፋና እየበራ ይኖራል። ኢንቨርተር ያለው ዓይነት ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ለእንዲህ ዓይነት ክፍል ይሻላል።

ግድግዳ መብሳት የማይፈቀድለት ተከራይ ዓይኑ የሚያርፈው ጎማ ባለው፣ አንድ ወፍራም ቱቦ በመስኮት በሚያወጣው ተንቀሳቃሽ ኤሲ ላይ ነው። ይሄ ዕቃ በቱቦው የሚያስወጣው አየር ከራሱ ከክፍሉ የተወሰደ ነው። ስለዚህ በበርና በመስኮት ስንጥቅ ሌላ አየር ከውጪ ይሳባል። ድሬዳዋ ላይ ይሄ ትልቅ ጉድለት ነው፤ የሚሳበው ትኩስ ነውና። አዲስ አበባ ላይ የሚሳበው ቀዝቃዛ ነው። ይሄኔ ቆም ብሎ ማሰብ ነው፦ ከዕቃው ጥቅም የተወሰነው ያው የቬንትሌተሩ ሥራ ነው፤ 50 ዋት የሚሠራውን በ1,000 ዋት መክፈል ይሆናል።

«ኤር ኩለር» ተብሎ ውሃ የሚሞላበትን ዕቃ ደግሞ ከኤሲ ጋር አታምታቱት። እሱ የሚሠራው እንደ ሸክላ እንስራ ነው፦ ውሃው ሲተን አየሩ ይቀዘቅዛል። አንድ ሊትር ውሃ በሰዓት ቢተን 680 ዋት ያህል ሙቀት ይወስዳል፤ የበጋው ደረቅ አየራችን ለዚህ ተስማሚ ነው። መስኮት ከዘጋችሁ ግን ክፍሉ በእርጥበት ይሞላና ሥራው ያቆማል። ስለዚህ መስኮቱ ለማይከፈትለት ሰው መፍትሔ አይሆንም።

ኤሲ ከተገዛ ለብቻው መስመርና ብሬከር ይሳብለት። ምጣድ፣ ማሞቂያና ኤሲ በአንድ ዲቫይደር ላይ መሰካት እሳት መጥራት ነው። 1,000 ዋት በቀን ለ5 ሰዓት ቢሠራ በወር 150 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ የቤት ታሪፋችን ደግሞ ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ዋጋም የሚጨምርበት ነው። የጋዙንም ዓይነት መለያው ላይ አንብቡ፦ አር-22 የተባለው የኦዞን ሽፋንን የሚጎዳ አሮጌ ጋዝ ስለሆነ፣ ዋጋው የረከሰ ያገለገለ ዕቃ ሲቀርብላችሁ እሱ እንዳይሆን።

ከአከራያችሁ ጋርም ቀድማችሁ ተነጋገሩ። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፤ ስለ ቀዳዳው፣ ስለ ገመዱ፣ ስትለቁ ኤሲው የማን እንደሚሆን እዚያው ውሉ ላይ ይጻፍ። የሚንጠባጠበው ውሃ የት እንደሚወርድም ተመልከቱ። በደረቁ ወራት ብዙም አይታይም፤ ዝናቡ ሲቃረብ ግን ከሦስተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ የታጠበ ልብሳቸውን ይዘው ሊመጡ ይችላሉ።