ሳይጻፍ ያዘነበለ ዜና

ይህን የምነግራችሁ ዜና ክፍል ውስጥ የምውል ሰው ሆኜ ነው። ብዙ አንባቢ የሚዲያ ወገንተኝነት ሲባል ከበላይ የመጣ የስልክ ትእዛዝ፣ በፖስታ የተሰጠ ገንዘብ ወይም ሆን ተብሎ የተፈበረከ ውሸት ይመስለዋል። እንዲህ ያለው የለም አልልም፤ አለ። በየቀኑ ዜናን የሚያዛባው ግን ማንም ያላዘዘው፣ ማንም ያልከፈለበት፣ ሠሪው ራሱ የማያውቀው አድልዎ ነው። ዜናው አንድ ዐረፍተ ነገር ሳይጻፍለት ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል።

ከጠዋቱ የኤዲቶሪያል ስብሰባ ልጀምር። ዋና አዘጋጁ «ዛሬ ምን አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ጠረጴዛው ላይ የሚገኘው በአብዛኛው የጥሪ ደብዳቤ ነው፦ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት መግለጫ፣ ሆቴል ውስጥ የሚካሄድ ዎርክሾፕ፣ የባንክ ቅርንጫፍ ምረቃ፣ የስምምነት ፊርማ። ጥሪው መኪና አለው፣ ምሳ አለው፣ አንዳንዴም አበል አለው። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ለዴድላይን የሚደርስ ዜና አለው። ሕዝብ ግንኙነቱ ጽሑፉንም ፎቶውንም አዘጋጅቶ በቴሌግራም ይልካል። ውኃ ከተቋረጠባት ወር ያለፋት ቀበሌ ግን ሕዝብ ግንኙነት የላትም፤ ጥሪም አትልክም። ማንም ሳይከለክላት ከስብሰባው ውጭ ትቀራለች።

ይህ የእኛ አገር በሽታ ብቻ አይደለም። ዴቪድ ማኒንግ ኋይት የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950 ያሳተመው ጥናት ዛሬም በጋዜጠኝነት ትምህርት ቤቶች ይጠቀሳል። ኋይት አንድን የጋዜጣ አርታኢ ከዜና ወኪሎች ከሚደርሰው ጽሑፍ የሚጥለውን ለምን እንደጣለው እንዲጽፍ ጠየቀው። አርታኢው በአንድ ሳምንት ውስጥ ከደረሰው ከ10 እጅ 9ኙን ያህል ጥሎ ነበር። ብዙው ላይ «ቦታ የለም» የሚል ሰፈረበት፤ ሌላው ላይ ግን «ፕሮፓጋንዳ ነው»፣ «ራሳቸውን ስላጠፉ ሰዎች የሚያወራ ዜና አልወድም» የሚሉ ምክንያቶች ተጻፉ። የከተማው አንባቢ ካላያቸው ዜናዎች አንዳንዶቹ በአንድ ሰው ደስታና ጥላቻ ተመርጠው የቀሩ ነበሩ። አንባቢው ደግሞ የቀረበትን ስለማያውቅ ቅሬታ ሊያሰማ አይችልም።

የእኛም ታሪክ ይህን ያውቀዋል። የ1977ቱን ረሃብ ዓለም በሰፊው የሰማው ቢቢሲ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የጋዜጠኛውን የማይክል በርክን ዘገባ ከኮረም ሲያስተላልፍ ነው። ምስሉን የቀረጸው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነበር። ሰው ግን ካሜራው ከመድረሱ ብዙ ወራት ቀድሞ ይሞት ነበር። ያ ምስል ከተሠራጨ በኋላም ሌላ መዛባት ተከተለ፦ በውጭ አገር ላለው ብዙ ሰው ኢትዮጵያ ማለት ያ የረሃብ ምስል ብቻ ሆነች። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን እ.ኤ.አ. በ1973 እንዳሳዩት የሰው አእምሮ የአንድን ነገር ብዛት የሚገምተው ምሳሌው ቶሎ ትዝ በሚለው መጠን ነው። ያልታየው እንዳልነበረ፣ የታየው ደግሞ ሌላ እንደሌለ ይቆጠራል።

አሁን ወደ ሪፖርተሩ ልምጣ። የሽንኩርት ዋጋ ጨምሯል ተብሎ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ተመደበ እንበል። ዜናው ለ10 ሰዓት መድረስ አለበት። ለቢሮው ወደሚቀርበው ገበያ ሄዶ ሁለት ቸርቻሪና አንዲት ሸማች ያነጋግራል። ከዚያ «ባለሙያ» ያስፈልገዋልና ስልክ የሚያነሳውን፣ ንግግሩን አሳጥሮ የሚሰጠውን፣ ባለፈው ሳምንት ስለ ነዳጅ ያናገረውን ምሁር በስልክ ያነጋግራል። መቂ ያለው ገበሬ በስንት እንደሸጠ፣ የጭነት መኪናው በመንገድ ላይ ምን እንደከፈለ የሚጠይቅ የለም። ማታ ላይ «ነጋዴው አስወደደው» የሚል ዜና ይወጣል። የተጠቀሰው ሁሉ የተባለ ነው፤ ሐሰት የለበትም። ሥዕሉ ግን ጎዶሎ ነው፤ የጎደለውም ከከተማው ርቆ ያለው ሰው ነው።

ርዕሱን የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ሪፖርተሩ ሳይሆን አርታኢው መሆኑንም እወቁት። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገለጽ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች ደግሞ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ከዚህ አንድ መግለጫ ሁለት ርዕስ ይወጣል፦ «አብዛኞቹ ተማሪዎች ወደቁ» ወይም «ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም»። ሁለቱም እውነት ናቸው። የመጀመሪያውን ያነበበ ወላጅ ልጁን ይቆጣል፤ ሁለተኛውን ያነበበ ትምህርት ቤቱንና መንግሥትን ይጠይቃል። ትቨርስኪና ካህነማን እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት ሙከራ 600 ሰዎችን ለሚያሰጋ በሽታ መፍትሔ ምረጡ ብለው ጠየቁ። አንደኛው አማራጭ «200 ሰዎች ይድናሉ» ተብሎ ሲቀርብ 72 በመቶው መረጠው፤ ያው አማራጭ «400 ሰዎች ይሞታሉ» ተብሎ ሲቀርብ የመረጠው 22 በመቶ ብቻ ነበር። በርዕስ ላይ የሚደረገው የ5 ደቂቃ ምርጫ ይህን ያህል ኃይል አለው።

የፖለቲካ ዜና ከወጣ በኋላ ስልኩ ይጮኻል። አንዱ «ለእነሱ አደላችሁ» ይላል፤ ሌላው ስለዚያው ዘገባ «ለእነዚያ አደላችሁ» ይላል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ሮበርት ቫሎን፣ ሊ ሮስና ማርክ ሌፐር እ.ኤ.አ. በ1985 ይህንኑ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1982 ስለተፈጸመው የቤይሩት ጭፍጨፋ የቀረቡ የቴሌቪዥን ዜናዎችን ለእስራኤልና ለአረቦች ደጋፊዎች አሳዩ፤ ሁለቱም ወገን ዜናው ለተቃራኒው ወገን ያደላ መሆኑን አመነ። ስለዚህ የአንባቢ ቁጣ ብቻውን የአድልዎ ማስረጃ አይሆንም። እኛም ግን «ሁለቱም ከሰደቡን ሚዛናዊ ነን ማለት ነው» እያልን እርስ በርስ እንጽናናለን። ይህ ባዶ መጽናኛ ነው። በሁለቱም ላይ የተሳሳተ ሰውም በሁለቱም ይሰደባል።

የሚያሳዝነኝ ሌላው ነገር የስም ንባብ ነው። አንባቢው ዘገባውን ሳይጀምር የጸሐፊውን ስምና የአባት ስም አይቶ «የማን ወገን ነው» የሚለውን ይወስናል። ዜና ክፍልም ይህን ስለሚያውቅ ሥራ ሲመደብ «እሱ ቢጽፈው ምን ይባላል?» የሚል ስሌት ይገባል። በዚህ መንገድ ጉዳዩን ከሁሉ የተሻለ የሚያውቀው ሰው በስሙ ምክንያት ይቀራል። ጥርጣሬው ከአንባቢ ወደ እኛ፣ ከእኛም ተመልሶ ወደ አንባቢ ይሄዳል።

«ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» ይባላል። በማኅበራዊ ሚዲያ የተሠራጨ ነገር ዜና ክፍል ሲደርስ የሚሰማው ክርክር «ሁሉም ጽፎታል» የሚል ነው። ሁሉም ግን ከአንድ ቦታ ቀድቶት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1977 የታተመ የሊን ሃሸርና የባልደረቦቿ ጥናት ሰው ደጋግሞ የሰማውን ነገር እውነት ነው ብሎ የማመን ዝንባሌው እንደሚጨምር አሳይቷል። ስሕተቱ በፊት ገጽ ወጥቶ ማስተካከያው በውስጥ ገጽ ጥግ በትንሽ ፊደል ሲታተም፣ ብዙ ሰው ዘንድ የሚቀረው ስሕተቱ ነው።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ጋዜጠኛን እንድትንቁ አይደለም። አብዛኞቹ ባልደረቦቼ በትንሽ ደመወዝ በቅንነት የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ቅንነት ብቻውን ግን አድልዎን አይከላከልም፤ የሚከላከለው አሠራር ነው፦ ከጥሪ ደብዳቤ ውጭ በየሳምንቱ የሚፈለግ ዜና፣ ከከተማ ውጭ የሚታደስ የስልክ ዝርዝር፣ ርዕስን ሁለት ሰው የሚያይበት ልማድ፣ ስሕተቱ በወጣበት ቦታ የሚወጣ ማስተካከያ። እናንተ ደግሞ ስትደውሉልን «የማን ወገን ናችሁ?» ማለቱን ትታችሁ «ማንን ሳትጠይቁ ቀራችሁ?» በሉን። ስሙን፣ ቦታውን፣ ስልኩን ስጡን። ለስድብ መልስ አይጠፋንም፤ ለዚህ ጥያቄ ግን ሄደን መሥራት አለብን።