የተቀዳ ሲግናል እንደ ቤተ ሙከራ፦ የኤስዲአር ዐውደ ጥናቶች አንድ የማስተማሪያ ስልት

በነባሩ የሬዲዮ መቀበያ ውስጥ ሲግናልን የሚያጣራውም ሆነ መልእክቱን ከሞገዱ የሚለየው ለዚሁ ተግባር የተሠራ የኤሌክትሮኒክስ ሰርኪዩት ነው። በሶፍትዌር የሚገለጽ ሬዲዮ፣ በአጭሩ ኤስዲአር፣ ይህን የሥራ ክፍፍል ይለውጠዋል። መሣሪያው አንቴናው የተቀበለውን ሞገድ ናሙና እየወሰደ ወደ ቁጥር ይቀይራል፤ ቀሪውን ሥራ በኮምፒውተር ላይ ያለ ፕሮግራም ያከናውነዋል። በመሆኑም አንዱ መሣሪያ ዛሬ የኤፍኤም ሬዲዮ፣ ነገ የአውሮፕላን መልእክት መቀበያ ሊሆን ይችላል።

ዘርፉ ከጥቂት ቤተ ሙከራዎች ወጥቶ ወደ ሰፊው ማኅበረሰብ እንዲደርስ ሁለት ክስተቶች ረድተዋል። የመጀመሪያው ኤሪክ ብሎሰም በ2001 እ.ኤ.አ. የጀመረው ግኑ ሬዲዮ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ነው። ሁለተኛው በ2012 እ.ኤ.አ. ለዲጂታል ቴሌቪዥን መቀበያነት የተሠሩ ርካሽ የዩኤስቢ መሣሪያዎች ያልተቀነባበሩ ናሙናዎችን ለኮምፒውተር መስጠት እንደሚችሉ በይፋ መታወቁ ነው። ከዚያ በኋላ ለመጀመር የሚያስፈልገው ወጪ ወደ ጥቂት አሥር ዶላሮች ወረደ። የተጠቃሚው ቁጥር ሲጨምር በየአካባቢው የሚካሄዱ የማኅበረሰብ ዐውደ ጥናቶች ተበራከቱ፤ በ2018 በሊዮን፣ በ2019 ደግሞ በቤዛንሶን የተካሄዱት የፈረንሳይ የግኑ ሬዲዮ ስብሰባዎች ለዚህ ምሳሌ ናቸው። በእንዲህ ያሉ መድረኮች የጥናት ገለጻና የተግባር ልምምድ ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

ይሁን እንጂ የተግባር ልምምዱ አንድ መሠረታዊ ችግር አለበት። ሁለት ተሳታፊዎች በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው ከአየር ላይ ሲግናል ቢቀበሉ፣ አንዱ በመስኮት አጠገብ ሌላው በግድግዳ ጥግ ስለሆኑ፣ የሚያገኙት ናሙና አንድ አይሆንም። የአንዱ ፕሮግራም ሠርቶ የሌላው ባይሠራ፣ ስሕተቱ የፕሮግራሙ ይሁን የአንቴናው መለየት ያዳግታል። የራስን ሲግናል እያስተላለፉ መፈተን አንድ መፍትሔ ቢመስልም፣ በአብዛኛው ፈቃድ ይጠይቃል።

ችግሩን የሚያቃልለው ናሙናዎቹን ቀድቶ ለሁሉም ማደል ነው። አውሮፕላኖች በ1090 ሜጋኸርዝ አቅጣጫቸውንና ከፍታቸውን የሚያሳውቁበት ኤዲኤስ-ቢ የተባለው ሥርዓት ለዚህ አመቺ ነው። ረጅሙ መልእክት 112 ቢት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቢት 1 ማይክሮሰከንድ ይወስዳል፤ ከፊቱም የ8 ማይክሮሰከንድ መግቢያ አለው። በሰከንድ 2 ሚሊዮን ናሙና ቢቀዳ፣ ሙሉው መልእክት 240 ናሙና ይሆናል፤ ለአንድ ቢት ሁለት ናሙና ይደርሰዋል፤ ከሁለቱ የመጀመሪያው ከበለጠ ቢቱ 1፣ ሁለተኛው ከበለጠ 0 ነው። የመልእክቱ የመጨረሻ 24 ቢት ለስሕተት መፈተሻ የተመደበ በመሆኑ፣ ተማሪው የሠራው ፕሮግራም ትክክል መሆኑን መምህሩን ሳይጠብቅ ማረጋገጥ ይችላል። እያንዳንዱ ናሙና ሁለት ባይት ስለሚይዝ የአንድ ደቂቃ ቅጂ 240 ሜጋባይት ያህል ነው፤ ያለ ኢንተርኔት በፍላሽ ሊታደል ይችላል።

ቅጂው ግን ያለ መግለጫ ዋጋ የለውም። ፋይሉ የቁጥር ረድፍ ብቻ ስለሆነ፣ በምን ፍጥነትና በየትኛው ፍሪኩዌንሲ እንደተቀዳ ራሱ አይናገርም። ከላይ የተጠቀሰውን ቅጂ አንድ ተመራማሪ በሰከንድ 2.4 ሚሊዮን ናሙና እንደተቀዳ ቢገምት፣ የ120 ማይክሮሰከንዱ መልእክት 100 ማይክሮሰከንድ መስሎ ይታየዋል፤ ፕሮግራሙም መግቢያውን በሚጠብቀው ቦታ ስለማያገኘው መልእክት የለም ብሎ ያልፋል። ሲግኤምኤፍ የተባለው ክፍት የመግለጫ ቅርጽ የተዘጋጀው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው፤ የናሙናውን ዐይነት፣ ፍጥነቱን፣ ፍሪኩዌንሲውንና የቀረጻውን ጊዜ ከቅጂው ጋር በሚሄድ ሌላ ፋይል ይመዘግባል። በዚህም ዐውደ ጥናቱ ካበቃ በኋላ በቦታው ያልነበረ ሰው ሥራውን ደግሞ ሊፈትሸው ይችላል።

ስልቱ ገደብም አለው። የአንቴና አቀማመጥንና የማጉያ መጠን አመራረጥን ቅጂ አያስተምርም። ርካሾቹ መቀበያዎች ናሙናውን የሚለኩት በ8 ቢት፣ ማለትም በ256 ደረጃዎች ብቻ ነው። ማጉያው ከልክ በላይ ከተከፈተ ጠንካራው ሲግናል ከመጨረሻው ደረጃ ላይ ይቆረጣል፤ የተቆረጠውንም በኋላ የሚጻፍ ፕሮግራም አይመልሰውም። ስለዚህ ቅጂው የቀጥታ ልምምዱን የሚተካ ሳይሆን የሚቀድም ሊሆን ይገባል። ተማሪው በመጀመሪያ ውጤቱ በሚታወቅ ቅጂ ፕሮግራሙን ያረጋግጣል፤ ቀጥሎ ያንኑ ፕሮግራም ሳይለውጥ ከአንቴናው ጋር ያገናኘዋል። በዚህ ቅደም ተከተል መልእክት ቢጠፋ፣ ጥፋቱን ከአንቴናው፣ ከማጉያውና ከአካባቢው መፈለግ እንዳለበት ያውቃል። መሣሪያ ለሁሉም ተማሪ ማዳረስ ለማይችል የትምህርት ክፍልም አንድ መቀበያና በጥንቃቄ የተመዘገቡ ጥቂት ቅጂዎች ለመነሻ በቂ ናቸው።