ጠበቃው ሲለቅ ቀጠሮው አይለቅም

አሜሪካ ውስጥ ጠጥቶ በማሽከርከር የተከሰሰ ሰው ጠበቃውን በብዙ ምክንያት ሊያጣ ይችላል። ክፍያው ተቋርጦ፣ መግባባት ጠፍቶ፣ ጠበቃው ታሞ ወይም ፈቃዱ ታግዶ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን የችሎቱ ቀጠሮ እንዳለ ነው። ዳኛው ስሙን ሲጠሩ አጠገቡ ያለው ወንበር ባዶ ይሆናል፤ በዚያች ሰዓት ደግሞ ከሁሉ የሚቀለው «ጥፋተኛ ነኝ» ብሎ መገላገል ነው። እኔ ግን ከጠቅላላው ሂደት እጅግ አደገኛው ይህ በሁለት ጠበቆች መካከል ያለው ክፍተት ነው እላለሁ። ተከሳሹ በጥፋተኝነት ቃል ሊሞላው፣ ፍርድ ቤቱም ዝምታውን እንደ ፈቃድ ሊቆጥረው አይገባም።

ሕጉ ራሱ ክፍተቱን ሙሉ በሙሉ አይደፍነውም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1963 በጊዲዮን መዝገብ በከባድ ወንጀል ተከሶ ገንዘብ ለሌለው ሰው መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ወሰነ። በ1972 በአርገርሲንገር መዝገብ ይኸው መብት እስር ወደሚያስከትሉ ቀላል ወንጀሎችም ተስፋፋ። በ1979 ግን በስኮት መዝገብ ገደብ ተበጀለት፤ ተከሳሹ በተግባር ካልታሰረ ጠበቃ ማቆም ሕገ መንግሥታዊ ግዴታ አይደለም ተባለ። ችግሩ የቅጣቱ ክብደት በእስር ብቻ የማይለካ መሆኑ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ የመጀመሪያው ጥፋት እስከ 12 ወር እስራትና ከ250 እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ያስከትላል። እስሩ ቢቀር እንኳ መንጃ ፈቃዱ ለአንድ ዓመት ይሰረዛል። የትራክ ሹፌር ከሆነ፣ ጠጥቶ ያሽከረከረው የራሱን የቤት መኪና ቢሆንም፣ የንግድ መንጃ ፈቃዱን ለአንድ ዓመት ያጣል። ይህ ለብዙ ቤተሰብ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

«መሣሪያው ያሳየውን ማን ይክደዋል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ዲሲ በ2010 የተገለጠው ነገር መልስ ይሰጣል። የፖሊስ የትንፋሽ መመርመሪያዎች በትክክል ስላልተስተካከሉ ውጤቱን 20 በመቶ ያህል ከፍ አድርገው ያነብቡ ነበር፤ በዚሁ የተሳሳተ ውጤት ወደ 400 የሚጠጉ ሰዎች ጥፋተኛ ተብለዋል። ትክክለኛ የአልኮል መጠኑ 0.067 የነበረ ሰው እንዲህ ባለ መሣሪያ የሕጉን 0.08 ወሰን ያልፋል ማለት ነው። በማሳቹሴትስም የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2023 በሰጠው ውሳኔ፣ መሣሪያዎቹን የሚቆጣጠረው ቢሮ በፈጸመው ጥፋት የተነሣ ወደ 27 ሺህ የሚጠጉ ተከሳሾች ጉዳይ ተነክቷል። የመሣሪያው የማስተካከያ መዝገብ እንዲቀርብ የሚጠይቀው ጠበቃ ነው፤ ብቻውን የቆመ ተከሳሽ እንዲህ ያለ መዝገብ መኖሩን እንኳ ላያውቅ ይችላል።

አሜሪካዊ ዜግነት ለሌለው ሰው ደግሞ ጉዳዩ ይከብዳል። በ2010 በፓዲላ መዝገብ የተወሰነው፣ የጥፋተኝነት ቃል ከአገር ሊያስባርር የሚችል ከሆነ ጠበቃው ደንበኛውን ማስጠንቀቅ እንዳለበት ነው። በ2019 የወጣ የኢሚግሬሽን ውሳኔም ሁለት ጊዜ ጠጥቶ በማሽከርከር ጥፋተኛ የተባለን ሰው፣ ተቃራኒውን ካላስረዳ በቀር፣ መልካም ጠባይ የሌለው አድርጎ ይገምተዋል። የማስጠንቀቅ ግዴታው የተጣለው በጠበቃው ላይ ነው። ጠበቃ በሌለበት ያንን ምክር የሚሰጠው ማን ነው?

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የሟቾች ነው። በአሜሪካ መንገዶች በሰከረ ሹፌር ምክንያት በየዓመቱ ከ10 ሺህ በላይ ሰው ይሞታል፤ ይህን አቅልሎ የሚያይ ሰው ስለ ፍትሕ ለመናገር አፍ አይኖረውም። ነገር ግን ጠበቃ ማቆም ጥፋተኛውን ማስመለጥ አይደለም። በትክክል የተመረመረ ማስረጃ በጠበቃ ፊትም አይፈርስም፤ የሚፈርሰው ያልተመረመረው ነው። «ጊዜ ለመግዛት ነው» የሚለውም ስጋት ቢሆን በዳኛው እጅ መፍትሔ አለው፦ አጭር ቀጠሮ መስጠት ይችላሉ። ራስን መከላከልም መብት ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1975 በፋሬታ መዝገብ አጽንቶታል። ሆኖም ሰውየው የሚተወውን አውቆ ሲመርጠው ነው እንጂ አማራጭ አጥቶ ሲገባበት አይደለም።

ስለዚህ ቀዳሚው ሥራ ጽሕፈት ነው። በችሎት የቆመ ጠበቃ በአብዛኛው ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ መውጣት አይችልም፤ ሲወጣም በሙያው ሥነ ምግባር መሠረት መዝገቡን ማስረከብና ያልሠራበትን ቅድሚያ ክፍያ መመለስ አለበት። ተከሳሹም ከቀጠሮው በፊት ለፍርድ ቤቱ ጠበቃ እንደሌለው ጽፎ፣ አጭር ጊዜ፣ አቅም ከሌለው የመንግሥት ተከላካይ፣ እንግሊዝኛው የማይበቃው ከሆነም አስተርጓሚ ይጠይቅ። ፍርድ ቀድሞ ተሰጥቶ ከሆነ በቨርጂኒያ ከታችኛው ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት የሚቻለው በ10 ቀን ውስጥ ብቻ ነው። ዳኞችም ባዶውን ወንበር ሲያዩ የጥፋተኝነት ቃል ከመቀበላቸው በፊት «ጠበቃህ የት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ጥያቄዋ ግማሽ ደቂቃ አትወስድም፤ ቃሉ ከተሰጠ በኋላ ግን መመለሻው እጅግ ከባድ ነው።