የወይን ጠጅ እያረጀ ሲጥም፣ የማር ጠጅ ለምን ይኮመጥጣል?

አክስቴ ልጇን የዳረችው በጥር ወር፣ ሮብ ገበያ ላይ ነበር። ሮብ ገበያ ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ ሲወጣ የምትገኝ ብርዳማ የደጋ ከተማ ናት። አክስቴ ማሩን ከዚያው ገበያ፣ ለዓመታት ከምታውቀው ነጋዴ ገዝታ ጠጁን አስቀድማ ጥላ ነበር። የሠርጉ ዕለት ብርሌ የጨበጠ ሁሉ «እጅሽ ይባረክ!» ሲላት ዋለ።

ከስምንት ቀን በኋላ መልስ ተጠራ። ጠጁ ከዚያው ጋን፣ ከተረፈው ተቀዳ። መጀመሪያ የቀመሱት ሽማግሌ ፊታቸውን ጨምደድ አድርገው ብርሌውን አስቀመጡት። ጠጁ ኮምጥጧል፤ ሽታውም አቼቶ አቼቶ ይላል። አክስቴ በእንግዳ ፊት አፈረች፣ ቀጥላም ተናደደች። «ሰውዬው ስኳር የተቀላቀለበት ማር ሸጦልኛል!» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነጋዴውን ገበያ ላይ ስታገኘው ፊቷን አዙራ ማለፍ ያዘች።

እኔ የኬሚካል ምህንድስና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ፤ ነገሩ ግን አልገባኝም። ማሩ ያው፣ ጌሾው ያው፣ የጣለችውም እጅ ያው። በስምንት ቀን ውስጥ ምን ተለወጠ? አንድ ጎረምሳ የአጎቴ ልጅ ደግሞ ጥያቄውን አከበደው፦ «ፈረንጆቹ የወይን ጠጃቸውን አሥር ዓመት አስቀምጠው ‹አሁን ጣመ› ይላሉ። የኛ ስምንት ቀን እንዴት አቃተው?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። እስቲ አብረን እንፍታው።

ከብርዝ እስከ ደረቅ ጠጅ

ከመጀመሪያው እንነሣ። ማርና ውኃ ገና እንደተበጠበጡ ብርዝ ይባላሉ። ልጅም አዋቂም ይጠጣዋል፤ አያሰክርም። ማር ከክብደቱ 80 በመቶ ገደማው ስኳር ነው። አንድ ሊትር ማር ደግሞ 1.4 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውኃ ስንበጠብጥ፣ በእያንዳንዱ ሊትር ብርዝ ውስጥ ወደ 280 ግራም ስኳር አለ ማለት ነው።

ይህን ስኳር የሚበላው እርሾ ነው። እርሾ በዓይን የማይታይ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ሲሆን፣ ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል። በአንድ ሊትር ውስጥ 17 ግራም ያህል ስኳር ሲበላ አልኮሉ በ1 በመቶ ገደማ ይጨምራል። 280ውን ለ17 ብታካፍሉ 16 ይመጣል። ታዲያ ጠጅ ሁሉ 16 በመቶ አልኮል አለው? የለውም። እርሾው ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ይደክማል። አንደኛ፣ ራሱ የሠራው አልኮል ይጎዳዋል። ሁለተኛ፣ እርሾ ለመራባት ናይትሮጅን ይፈልጋል፤ ማር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ደግሞ በጣም ትንሽ ነው።

እንግዲህ እርሾው ሳይበላው የቀረው ስኳር ነው ጠጁን የሚያጣፍጠው። ጠጅ ቤት ስትገቡ «ለስላሳ፣ መካከለኛ ወይስ ደረቅ?» ተብላችሁ ትጠየቁ ይሆናል። የጥያቄው ፍሬ ነገር በአብዛኛው ምን ያህል ስኳር ቀርቶበታል ነው። ስለዚህ ጠጅ በዕድሜው መጀመሪያ ላይ የሚያሳየው ለውጥ ይህ ነው፤ ጣፋጭነቱ ይቀንሳል፣ ኃይሉ ይጨምራል። ጣፋጩ ሲሳሳ ደግሞ ከሥሩ ተደብቆ የነበረው የጌሾ ምሬት ብቅ ይላል። ምሬቱን ከሚሰጡት ንጥረ ነገሮች አንዱን ብርሃኑ አበጋዝና ታደሰ ከበደ የተባሉ ኬሚስቶች ከጌሾ ቅጠል ለይተው በ1995 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ስሙም ከጌሾ ስለተወሰደ ጌሾይዲን ይባላል።

ይህ ሁሉ በምን ፍጥነት ይሄዳል? በሙቀቱ ልክ ነዋ። በግርድፉ፣ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ብዙ ኬሚካዊ ለውጦች ፍጥነታቸው እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሮብ ገበያ የተጣለ ጠጅ በዝግታ ሲበስል፣ ያው ጠጅ ወርዶ ዓባይ በረሃ ላይ ቢጣል ይቸኩላል።

እስካሁን ግን ስለ ኮምጣጣነት አላወራንም። ቆይ፣ እንመጣበታለን። መጀመሪያ ወደ ፈረንጆቹ ጠርሙስ እንሂድ።

ዚንፋንዴል በጠርሙስ ውስጥ

የወይን ጠጅ በኛም አገር ይሠራል። ዝዋይ አካባቢ ያለው የካስቴል ፋብሪካ ምርቱን ለገበያ ያቀረበው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። ለዛሬው ጥያቄያችን ግን ዚንፋንዴል የሚባል የካሊፎርኒያ ቀይ የወይን ጠጅ እንምረጥ፤ ምክንያቱም ጣዕሙ በዕድሜው ብዙ ይለዋወጣል። ወይኑ ራሱ ደስ የሚል ታሪክ አለው። አሜሪካኖች ለረጅም ጊዜ የራሳቸው አድርገው ሲቆጥሩት ኖሩ። በኋላ ግን የካሊፎርኒያና የክሮኤሺያ ተመራማሪዎች ዲኤንኤውን ሲያመሳክሩ፣ በ2001 እ.ኤ.አ. በክሮኤሺያ የባሕር ዳርቻ ከተረሳ አንድ የወይን ተክል ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ።

ወጣቱ ዚንፋንዴል የእንጆሪ ማርማላታ ይሸታል፤ ቁንዶ በርበሬም አለበት፤ ድዳችንንና ምላሳችንንም ጭብጥ ያደርጋል። ይህን ጭብጥ ማድረግ ታውቁታላችሁ፤ ብዙ ሰዓት የተፈላ ሻይ ወይም ያልበሰለ ሙዝ አፍ ላይ የሚያደርገው ነገር ነው። የሚያመጣው ታኒን የተባለ ንጥረ ነገር ሲሆን የሚገኘውም ከወይኑ ልጣጭና ፍሬ ነው።

ዓመታት ሲያልፉ ታኒኖቹ እርስ በርሳቸውና ከቀለሙ ጋር እየተያያዙ ይተልቃሉ። አንዳንዶቹ ከመተለቃቸው የተነሣ ጠርሙሱ ሥር ይዘቅጣሉ። ስለዚህ አፍ ላይ ያለው ጭብጥ ይለዝባል፤ ወይን ጠጅ መልክ የነበረው ቀለም ወደ ሸክላ መልክ ይሄዳል። ትኩስ የፍራፍሬ ሽታ የሚሰጡት ንጥረ ነገሮችም ቀስ በቀስ ይፈርሳሉ። እንጆሪው ወደ ዘቢብ ይለወጣል፤ በጣም ሲቆይ ደግሞ ቆዳ፣ ትምባሆና ደረቅ ቅጠል የሚመስል ሽታ ይመጣል። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። የወይን ጠጅ ሁሉ ሲያረጅ አይጥምም። አብዛኛው ዚንፋንዴል በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት እንዲጠጣ ተብሎ የሚሠራ ነው፤ አሥር ዓመት የሚሻገረው ጥቂቱ ነው።

አሁን ልብ በሉ። ያ ጠርሙስ እስከ አንገቱ ሙሉ ነው። በቡሽ ተደፍኗል። በቡሹ በኩል በዓመት የሚገባው ኦክስጅን በሚሊ ግራም የሚቆጠር ነው። ይህችው ትንሽ አየር ታኒኑን ለማለዘብ ትበቃለች፤ ወይኑን ለማኮምጠጥ ግን አትበቃም።

የአክስቴስ ጋን?

ጋኑን በሒሳብ እንየው

ጠጅን አቼቶ የሚያደርጉት አሴቲክ አሲድ ባክቴሪያ የሚባሉ ተሕዋስያን ናቸው። በአየር ላይም፣ በጋኑ ግድግዳም፣ በመቅጃው ላይም ይገኛሉ። ጋኑን በወይራ ማጠን ቁጥራቸውን ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያጠፋቸውም። አልኮሉን ወደ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ወደ አቼቶ አሲድ ይለውጡታል። ነገር ግን አንድ ድክመት አላቸው፤ ያለ ኦክስጅን ይህን ሥራ መሥራት አይችሉም።

ጠጁ እየፈላ ሳለ ታዲያ ለምን አልኮመጠጠም? እርሾው ጠባቂ ስለሆነ ነው። ከአንድ ሊትር ጠጅ 200 ግራም ስኳር ከተበላ ከ50 ሊትር በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ከጠጁ በላይ እንደ ብርድ ልብስ ይነጠፋል፤ ኦክስጅኑንም እየገፋ ያስወጣዋል። መፍላቱ ሲያበቃ ግን ጠባቂው ሥራውን ለቀቀ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ክዳኑ በተነሣ ቁጥር የሚገባው ተራ አየር ነው።

አሁን ብዕር አንሡ። ጋኑ 40 ሊትር ይይዛል እንበል። በሮብ ገበያ ከፍታ አየሩ ሳሳ ስለሚል አንድ ሊትር አየር 0.2 ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። በኬሚስትሪው ስሌት 32 ግራም ኦክስጅን 60 ግራም አሴቲክ አሲድ ይወልዳል።

ሙሉ ጋን፦ 38 ሊትር ጠጅ፣ 2 ሊትር አየር። ኦክስጅኑ 0.4 ግራም፣ ሊፈጠር የሚችለው አሲድ 0.75 ግራም። ለ38 ሊትር ሲካፈል በሊትር 0.02 ግራም። ማንም አይቀምሰውም።

ግማሽ ጋን፦ 20 ሊትር ጠጅ፣ 20 ሊትር አየር። ኦክስጅኑ 4 ግራም፣ አሲዱ 7.5 ግራም፤ በሊትር 0.375 ግራም።

ሩብ ጋን፦ 10 ሊትር ጠጅ፣ 30 ሊትር አየር። ኦክስጅኑ 6 ግራም፣ አሲዱ 11.25 ግራም፤ በሊትር 1.1 ግራም ገደማ።

ብዙ ሰው የአቼቶ ጣዕም የሚሰማው በሊትር 0.7 ግራም አካባቢ ሲደርስ ነው። ይህ ስሌት ደግሞ አየሩ አንድ ጊዜ ብቻ ቢገባ ነው! ጋኑ በተከፈተ ቁጥር ኦክስጅኑ ይታደሳል። ባክቴሪያዎቹ ሥራውን ለመጨረስ ጊዜ ይፈልጋሉ እንጂ ስምንት ቀን ለእነሱ ጥቂት አይደለም። ሸክላ ራሱም ትንሽ ትንሽ አየር ያሳልፋል።

አክስቴን ጠየቅኋት። ከሠርጉ በኋላ ጋኑ ከግማሽ በታች ነበር። በየቀኑም «እንኳን ደስ ያለሽ» ሊላት ለመጣ ጎረቤት ይቀዳ ነበር። ለካ ጠጁን ያኮመጠጠው ደግነቷ ኖሯል!

ማሩስ?

ነጋዴውን እንመልከት። ማሩ ስኳር የተቀላቀለበት ነበር እንበል። እርሾ የሸንኮራ ስኳርንም ሰባብሮ ወደ አልኮል ይለውጠዋል፤ ጠጁ የማር መዓዛ ያንሰው ይሆናል እንጂ ስኳሩ በራሱ አቼቶ አያደርገውም። ደግሞም ያው ጠጅ በሠርጉ ዕለት ተመስግኗል።

«ጠጁ ምናልባት በሌላ ምክንያት ኮምጥጦስ ቢሆን?» ብላችሁ ብትጠይቁ ልክ ናችሁ። ላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ የሚባሉት ያለ አየርም ያኮመጥጣሉ። ግን የእነሱ ኮምጣጣነት እንደ እርጎ ነው፤ አፍንጫን አይወጋም። የአክስቴ ጠጅ አፍንጫ ይወጋ ነበር።

የማር ጠጅ በባሕርዩ አያረጅም የሚል ካለም ፖላንድን ይመልከት። ፖላንዶች የራሳቸው የማር ጠጅ አላቸው። አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውኃ የሚሠራው፣ ማለትም ልክ እንደኛው የሚበጠበጠው፣ ቢያንስ 9 ወር ይቀመጣል። አንድ እጅ ማር በግማሽ እጅ ውኃ የሚሠራው ፑውቶራክ ደግሞ ቢያንስ 3 ዓመት! እዚያም ማር፣ እዚህም ማር። ልዩነቱ ያለው በአያያዙ ላይ ነው።

ስለዚህ ለአጎቴ ልጅ ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። ጠጅን የሚያስረጀው የቀን መቁጠሪያ ብቻ አይደለም። ምን ያህል አየር አገኘ የሚለው ከስንት ቀን ቆየ ከሚለው ይበልጣል። ዚንፋንዴሉ በአሥር ዓመት ያላገኘውን ኦክስጅን የአክስቴ ጠጅ በስምንት ቀን አገኘው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ቤታችሁ ጠጅ የሚጣል ከሆነ ለእናታችሁ ወይም ለአክስታችሁ ሦስት ነገር ንገሩ።

አንደኛ፣ ጠጁ መፍላቱን ሲጨርስ ከትልቁ ጋን ወደ ትንንሽ ንጹሕ ዕቃዎች ይገልበጥ፤ እያንዳንዱም እስከ አንገቱ ይሞላ። አንዱ ሲከፈት ሌሎቹ እንደተዘጉ ይቆያሉ።

ሁለተኛ፣ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ።

ሦስተኛውን በደንብ አድምጡ፤ አደጋ አለው። ገና እየፈላ ያለ ጠጅ በጠርሙስ ጥብቅ ተደርጎ አይዘጋ። በአንድ ሊትር ውስጥ የቀረ 10 ግራም ስኳር ብቻ ሲፈላ ከ2 ሊትር በላይ ጋዝ ይወጣዋል። 30 ግራም ቢሆን ጠርሙሱ ፈንድቶ ሰው ሊያቆስል ይችላል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ክዳኑ ላይ ቀጭን ቱቦ አስገብታችሁ ሌላኛውን ጫፍ ውኃ ውስጥ ንከሩት። ጋዙ አረፋ እየሠራ ይወጣል፤ አየር ግን መግባት አይችልም።

ለአክስቴ ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ እያሰላሁ ሳስረዳት ዝም ብላ አዳመጠችኝና «እኔ ቁጥሩ አይገባኝም ልጄ፤ ሰውዬውን ግን በድዬዋለሁ ማለት ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ለፋሲካ ጠጅ ስትጥል ማሩን ከእሱ ገዛች። ሲበስልም በአራት ጀሪካን ከፋፍላ አስቀመጠችው። የመጨረሻው ጀሪካን የተከፈተው ለዳግማይ ትንሣኤ ነበር፤ አልኮመጠጠም። እሷ ግን «ጀሪካን እንደ ጋን አይሆንም፤ የወይራው ጭስ ጣዕም ጎደለው» ብላ ተችታዋለች።

ይኼኛው ደግሞ ሌላ የምህንድስና ጥያቄ ነው፦ የጋኑን ጣዕም ሳናጣ አየሩን እንዴት እናግደው? እናንተ ምን ታስባላችሁ?