የኦዲት ፊርማ ለማን ነው?

የሂሳብ ባለሙያ ለምን ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ስንከራከር አብዛኞቻችን ስለ ሙያው ክብር እናወራለን። እኔ ግን አሳማኙን መልስ ያገኘሁት የማኅበረሰብን ደህንነት በሚያጠናው የኢኮኖሚክስ ዘርፍ፣ ዌልፌር ኢኮኖሚክስ ውስጥ ነው።

አንድ ነጋዴ ለባንክ የብድር ማመልከቻ አስገባ እንበል። የብድር ኦፊሰሩ ሰነዱን ሲገልጥ ከትርፉ በፊት የሚያየው የኦዲተሩን አስተያየት ነው። «ከዚህ በታች ከተገለጸው በስተቀር» የሚል ካገኘ እዚያው ቆም ይላል። ለዚያ ገጽ የከፈለው ነጋዴው ነው፤ የሚተማመንበት ግን ባንኩ፣ ከባንኩም ጀርባ ቁጠባውን ያስቀመጠው ሕዝብ ነው። እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት አርተር ፒጉ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው መጽሐፉ ያብራራው እንዲህ ያለውን ነገር ነው፦ የሁለት ሰዎች ውል ከውሉ ውጭ ያለ ሦስተኛ ወገንን ሲነካ ገበያው ብቻውን አያስተካክለውም።

ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 ገዢው ጥራትን መለየት ካልቻለ መጥፎው ደህናውን ከገበያ እንደሚያስወጣ አሳየ። ንብረት ቆጠራ ላይ ተገኝቶ፣ ለባንኮችና ለባለዕዳዎች የማረጋገጫ ደብዳቤ ልኮ፣ ሳምንታት የለፋ ኦዲተር የሚያወጣው ሪፖርትና ቢሮው ተቀምጦ የፈረመ ሰው ሪፖርት ሲያዩአቸው አንድ ናቸው። ዋጋቸው ግን ይለያያል፤ ሥራውን የሚወስደውም ርካሹ ነው። ፈቃድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ይሁንና ፈቃድ አጥርም ይሆናል። ኢኮኖሚስቶቹ ሚልተን ፍሪድማንና ሳይመን ኩዝኔትስ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተሙት፣ የሂሳብ ባለሙያዎችንም ባካተተው ጥናታቸው፣ ወደ ሕክምና ሙያ መግቢያው መጥበቡ የአሜሪካ ሐኪሞችን ገቢ ከፍ እንዳደረገ ተከራክረዋል። ስለዚህ የሱቅ ሂሳብ መያዝና ፔይሮል መሥራትም በፈቃድ ይታጠር የሚሉ ባልደረቦቼን አልደግፍም። እዚያ ከፋዩና ተጠቃሚው በአብዛኛው አንድ ሰው ነው።

ፈቃድ ብቻውን ደግሞ አይበቃም። አርተር አንደርሰን የተባለው የአሜሪካ የኦዲት ድርጅት ፈቃድም ዝናም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2000 ሂሳቡን ይመረምርለት ከነበረው የኢነርጂ ኩባንያ ከኤንሮን ለኦዲት 25 ሚሊዮን፣ ለሌሎች አገልግሎቶች 27 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎታል። ኤንሮን እ.ኤ.አ. በ2001 ሲወድቅ የብዙ ሠራተኞቹ የጡረታ ቁጠባ አብሮ ጠፋ። በማግስቱ ዓመት አሜሪካ አክሲዮናቸው ለሕዝብ በሚሸጥ ኩባንያዎች ኦዲተሮች ላይ የሚደረገውን ቁጥጥር ከሙያ ማኅበሩ ወስዳ ለሌላ ቦርድ ሰጠች።

እኛም በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ አለን። እኔ ከቦርዱ የምፈልገው የኦዲተሮችን የሥራ ወረቀት ገልጦ እንዲፈትሽ፣ ያገኘውንም ባንኮችና ባለአክሲዮኖች እንዲያነቡት ይፋ እንዲያደርግ ነው።